በሞተር የመጣ ሽማግሌ

መኪና አይስማማኝም። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እኔ ግን በአርባ ሁለት ዓመቴ ከኮልፌ መርካቶ በታክሲ ለመሄድ እንኳ ኪሴ ውስጥ አንድ ሎሚና አንድ ፌስታል ይዤ ነው የምወጣው። ሎሚው ለማሽተት ነው። ፌስታሉ ሎሚው ያልሠራ እንደሆነ ነው። ሞተር ላይ ግን ምንም አልሆንም። ለምን እንደሆነ አንድ ሐኪም ጠይቄው፣ «ስትነዳ ዓይንህ መንገዱን ስለሚያይ ነው» አለኝ። ታክሲ ውስጥም እኮ አያለሁ፤ የማየው ግን የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው።

ሥራዬ የብረት በርና መስኮት መሥራት ነው። ኮልፌ ውስጥ ከአንድ ጠባብ መንገድ ዳር አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለችኝ፤ የሠፈሩን ጆሮ የማደነቁረው እኔ ነኝ። ሞተሯንም የገዛሁት ልኬት ለመውሰድ ነው፤ አስኮ፣ ቤቴል፣ አየር ጤና፣ ሰው በር በጎደለው ቦታ ሁሉ እሄድባታለሁ። ከእኔ ጋር አንድ ቀለም ቀቢ ይሠራል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከመጣ ስምንት ዓመት ሆኖታል። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሞተዋል፤ ያሳደገችው አክስቱም ከኔ ዘንድ በገባ በዓመቱ አረፈች። ዝምተኛ ነው። እኔ ብረት ስቀጠቅጥ፣ እሱ ብሩሹ እንኳ እንዳይሰማ አድርጎ ይቀባል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብሩሹን አስቀምጦ፣ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ መጣና ፊቴ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» አለኝ። «ሽማግሌ ይሁኑኝ።»

ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ። ማንም አልነበረም። ሽማግሌ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። ጢሜ ላይ አምስት ሽበት አለ፤ አምስቱንም በስም የማውቃቸው ናቸው፤ ግን በአምስት ሽበት ሰው ሽማግሌ ይባላል? ማታ ለሚስቴ ስነግራት ሳቋን ለማቆም ተነሥታ ውኃ ጠጣች። እኔ ተቀይሜ ነበር። ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጁ ያኔ የጨመረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሌላ የምልከው ሰው የለኝም።»

ሊያገባት የፈለጋት ልጅ ቤቴል ሰፈር ባለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። የክሊኒኩን መስኮት የገጠምነው እኛ ስለነበርን፣ አንድ መስኮት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ ሲቀባ መጠርጠር ነበረብኝ። አባቷ ሆሳዕና ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። እንግዲህ በኛ ወግ ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም፤ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ እኔ ሆንኩ። ሁለተኛው ኮልፌ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱት ሐጂ ናቸው፤ አንደበታቸው የተባረከ ነው፣ ከዚያም በላይ መኪና አላቸው። ሦስተኛው የዕድራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ስብሰባ ሳይኖርም የስብሰባ ድምፅ ነው ያላቸው።

የመጀመሪያው ጉዟችን በሐጂ መኪና ነበር። ስለዚያ ጉዞ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል። ሎሚው ዓለም ገና ላይ አለቀ፤ ፌስታሉ ጢያ ላይ። መኪናዋ ስንት ጊዜ እንደቆመችልኝ እኔ አልቆጠርኩም፤ ሊቀ መንበሩ ግን ቆጥረው እስከ ዛሬ ይናገሩታል። ቀጠሯችን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ደረስን። ዳኛው በረንዳቸው ላይ ቆመው ነበር። ፊቴ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ መሐረብ አፌ ላይ አድርጌ፣ ሊቀ መንበሩ ክንድ ላይ ተደግፌ ነው የቀረብኩት። ሐጂ ንግግራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ።

«ቀጠሮው ስድስት ሰዓት ነበር» አሉ። «የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ትመጣላችሁ። ሦስተኛ ቀጠሮ ግን አልሰጥም።»

ሽማግሌን በመጀመሪያው ቀን እሺ አለማለት ያለ ነገር ነው፤ «እስቲ እንመካከርበት» ብሎ መመለስ ወግ ነው። የእሳቸው ግን ወግ አልነበረም፤ ብይን ነበር። ስንመለስ ማንም አላናገረኝም፤ እኔም ከ«እባካችሁ አቁሙልኝ» በቀር የምናገረው አልነበረኝም።

ማታ ለልጁ ነገርኩት። «ምንም አይደል ጋሼ» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። የተቀባውን በር እንደገና ቀባው። ቀለሙ ሳይደርቅ ደግሞ ሊጀምረው ሲል እጁን ያዝኩት። አንጀቴን በላኝ። ጥፋቱ የኔ ሆድ ነበር፣ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ።

ሐጂ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «አንተ በሞተርህ ና። ከኛ መኪና ውስጥ ግን አትገባም።»

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ከዋዜማው ጀምሮ አላባራም። ሚስቴ እንደ ሙሽራ አለበሰችኝ። ከሥር የሥራ ቱታዬን፣ ምክንያቱም ወፍራምና ሞቃት እሱ ብቻ ነው። ከላይ የዝናብ ልብስ። ካልሲዬ ላይ ፌስታል፣ ፌስታሉ ላይ ጫማ። ሙሉ ልብሴን በሦስት ፌስታል ጠቅልላ ከሞተሯ ኋላ በገመድ አሰረችልኝ፤ ሆሳዕና መግቢያ ላይ ቀይሬ እንደ ሰው እንድገባ።

«የሚያልፍ ዝናብ አይምታህ» አለችኝ።

«ይሄ የሚያልፍ ይመስልሻል?»

ወደ ሰማይ አየች። «እንግዲያው ሂድ» አለች።

ከአየር ጤና እስከ ዓለም ገና ያለውን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ እል ነበር፤ ያን ቀን እውነትም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት ማለት ይቻላል። የሄልሜቱን መስታወት ስዘጋው ትንፋሼ ያጨልመዋል። ስከፍተው ዝናቡ ዓይኔን እንደ መርፌ ይወጋዋል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ እዘጋለሁ፣ አንድ ደቂቃ እከፍታለሁ፤ አንዱን ደቂቃ በማስታወስ፣ ሌላውን በማልቀስ እነዳለሁ። አዋሽ ድልድይ ላይ ደግሞ ጉም ተጨመረበት። ከፊቴ ይሄድ የነበረው አህያ መሆኑን ያወቅሁት ጭራው ሲነካኝ ነው።

ብቻዬን ስለሆንኩ ንግግሬን ተለማመድኩ። ሐጂ ቢደክማቸው፣ ሊቀ መንበሩ ቢረዝምባቸው፣ እኔ ደግሞ አንድ ቃል ባዋጣ ብዬ ነው። ሄልሜት ውስጥ ድምፅ ያምራል። «የተከበሩ አባታችን፣ ለዘመናት በፍትሕ ወንበር ላይ ተቀምጠው…» እያልኩ አንድ ዳገት ጨረስኩ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ጠንተናል» ስል አንድ ቁልቁለት ወረድኩ። እንደዚያ ቀን አንደበተ ርቱዕ ሆኜ አላውቅም፤ የሰማኝ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጢያን እንዳለፍኩ ከኋላዬ ጥሩምባ ሰማሁ። የሐጂ መኪና ናት። በትሕትና ጥግ ያዝኩላቸው። እነሱም በትሕትና አለፉ፤ ሲያልፉ ግን አንዲት ኩሬ ነበረች፣ ኩሬዋን እንዳለች አንሥተው እላዬ ላይ ደፏት። ሊቀ መንበሩ ከመስኮቱ ጀርባ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ውስጡ ሞቃት እንደሆነ ከመስታወቱ ላብ አወቅሁ።

ቡኢ ላይ በረዶ ጣለ። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ፤ እዚያ አሥር የሚሆኑ ሰዎችና ሁለት ፍየሎች ቀድመውኛል። ከመካከላቸው በርበሬ ልትሸጥ የወጣች አንዲት ሴት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«እንዲህ የሚያስቸኩል ምን ተገኘ?» አለች።

«ሽማግሌ ተልኬ ነው» አልኳት።

«ለጋብቻ?»

«አዎ።»

ከጫማዬ የወጣውን ፌስታል፣ ከአፍንጫዬ የሚንጠባጠበውን ውኃ ደግማ አየች። «አንተን ልከው እሺ ከተባሉ ልጅቷን መጀመሪያም ሊሰጧቸው ፈልገዋል ማለት ነው» አለች። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም፤ ምክንያቱም ባለፈው በኔ ምክንያት ተመልሰናል፣ ዛሬ ደግሞ ሦስተኛ ቀጠሮ የለም።

ቡታጅራን ካለፍኩ በኋላ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መንገዱ ላይ እየተንሸራተተ ሲዞር ደረስኩ። አፍንጫው በግራ፣ ጅራቱ በቀኝ በኩል እየሄደ ነበር። ከጅራቱና ከቦዩ መካከል አንዲት ጠባብ የጭቃ መንገድ ቀርታለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ተረት የማስታውስበት ጊዜ አልነበረኝም። ገባሁባት። ሞተሯ አለፈች፤ እኔና ገመዱ የተበጠሰው ሙሉ ልብሴ ግን ቦዩ ውስጥ ቀረን።

አወዳደቄ የሚያሳፍር ነው። ፍጥነት የለውም፣ ድንጋጤ የለውም፤ እንደሚተኛ ሰው ቀስ ብዬ ነው በጎኔ የወደቅሁት። ሁለት ገበሬዎች ግራና ቀኝ እጄን ይዘው አወጡኝ። የዝናብ ልብሴ ከብብት እስከ ጉልበት ተቀዶ ነበር፤ አውልቄ ጣልኩት። የሙሉ ልብሴን ጥቅል ሲያነሡት ሦስቱም ፌስታሎች ውኃ ሞልተው እንደ ዘይት ጀሪካን ከብደዋል። ጨምቄ መልሼ አሰርኩት። ሞተሯን አስነሣኋት፤ እሷ ምንም አልሆነችም፤ ይሄ ነው ሞተር ማለት።

ሆሳዕና ዳኛው ሰፈር ስደርስ አምስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ቀድሜ ደረስኩ። በዚያ ደስታ ብርዱን ለጊዜው ረሳሁት። ከግቢው ራቅ ብዬ ቆሜ የሐጂን መኪና ፈለግሁ፤ የለችም። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከጠቀለልኩበት ፌስታል አውጥቼ ለሊቀ መንበሩ ደወልኩ።

«መንገዱ ተዘግቷል» አሉኝ በስብሰባ ድምፃቸው። «አንድ የጭነት መኪና ተጋድሞበታል። ከቡታጅራ ወጣ እንዳልን ነው ያለነው፤ ቁርስ በልተን ስንወጣ…»

«ቁርስ?»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባዶ ሆድ ሽምግልና አይሆንም ያሉት ሐጂ ናቸው።»

ሐጂ ስልኩን ተቀበሏቸው። «ስማኝ ልጄ፣ ብቻህን እንዳትገባ። አንድ ሽማግሌ ሽማግሌ አይባልም። እስክንመጣ ማን እንደሆንክ ለማንም አትናገር።»

«ስድስት ሰዓት ቢሞላስ?» ልል ስል ስልኬ ጠፋች። ባትሪዋ ይሁን ውኃው አላውቅም።

ቀና ስል ዳኛው ከፊቴ ቆመዋል። ጥቁር ጃንጥላ ይዘው፣ በትከሻቸው የግቢያቸውን በር እየገፉ ነበር። ባለ ሁለት ተካፋች ትልቅ የብረት በር ነው፤ አንደኛው ተካፋች ከማጠፊያው ወርዶ መሬቱን ነክሶ ቆሟል። ለእንግዶቻቸው መኪና ሊከፍቱ ነው። እኔ ጭቃ የጠገበ ቱታ ለብሻለሁ፣ ፊቴ ላይ የቀረ ንጹሕ ቦታ ዓይኔ ብቻ ነው፣ ሞተሬ ላይ እንደ ወትሮው የመሣሪያ ሳጥኔ ታስሯል። አዩኝ።

«መጣህ?» አሉኝ። «ሦስት ቀጠሮ አሳልፈህ ዛሬ መጣህ?»

የበሩን በያጅ ሲጠብቁ ኖረዋል። እውነቱን እንዳልናገር ሐጂ ከልክለውኛል፤ ብናገር ደግሞ «ሌሎቹስ የት አሉ?» ይመጣል። ዝም ብዬ እንዳልቆም ሰውየው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«ዝናቡ ነው ጋሼ» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

«በል ፍጠን። እንግዳ አለብኝ።»

ሳጥኔን አውርጄ ሥራ ጀመርኩ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ ከነጋ ጀምሮ የማውቀው ነገር ያገኘሁት ያኔ ነው። ማጠፊያው ተበልቶ ወርዷል፤ የሚያስፈልገው ከሥሩ ሮንዴላ የሚባሉ ጥቂት የብረት ቀለበቶች ማስገባት ነው፣ ሮንዴላ ደግሞ ከሳጥኔ አይጠፋም። ተካፋቹን ግን ወደ ላይ የሚያነሣ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ዳኛው ጃንጥላቸውን አንገታቸው ላይ ሸጉጠው ከወዲያ በኩል ያዙልኝ። ሁለታችንም እያቃሰትን አነሣነው። ብረት አብሮ ያነሣ ሰው ትንሽ ይግባባል፤ መናገር የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

«ዛሬ ሽማግሌ ይመጣብኛል» አሉ። «ለመጨረሻዋ ልጄ።»

«ደግ ነው ጋሼ።»

«ደግ መሆኑን አላወቅሁም። ልጁ ጨዋ ነው ትላለች። ግን ወላጅ የለውም። ወላጅ ማጣት ጥፋት አይደለም፤ እኔ ግን ዳኛ ነበርኩ፣ ስንት ትዳር ፊቴ ፈርሷል። ሲጣሉ ማን ይገላግላቸዋል? ልጄ ብትታመም በሩን የሚያንኳኳ ማን አላት? ባለፈው የላካቸው ሽማግሌዎች ሦስት ሰዓት አሳልፈው መጡ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንደኛውማ ሰክሮ ነበር።»

መዶሻው ከእጄ አምልጦ አውራ ጣቴ ላይ ወደቀ። ጣቴ ስለደነዘዘ አልተሰማኝም።

«ምናልባት… መኪና አልስማማው ብሎ ይሆናል» አልኩ ጎንበስ እንዳልኩ።

«በምን አወቅህ?»

«አንድ ዘመድ አለኝ። እንደዚያ ያደርገዋል። ከመኪና ሲወርድ ሰካራም ነው የሚመስለው፤ ጠብታ አይቀምስም ግን።»

«እንዴት ያለ ዘመድ ነው?»

«ደኅና ሰው ነው» አልኩ። «ብዙ ጥሩ ነገር አለው።»

ምን ያለበት ዝላይ አይችልም ማለት ይህ ነው። ሮንዴላውን ያለ ቦታው አስገብቼ እንደገና አወጣሁት።

በዚህ መሀል የዳኛው ሚስት ከቤት ወጡ። በአንድ እጃቸው የሚጤስ ሻይ በትልቅ ብርጭቆ፣ በሌላው ትኩስ ዳቦ፤ በርጩማ ደግሞ ብብታቸው ሥር ይዘዋል። «አረፍ በል ልጄ፣ በብርድ ደርቀሃል እኮ» ብለው በርጩማውን ከበረንዳው ጣራ ሥር አስቀመጡልኝ።

እዚህ ላይ ወጉን መናገር አለብኝ። ለልጅ ጥያቄ የሄደ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ እህል ውኃም አይቀምስም። ቆሞ ይለምናል፤ እሺ ከተባለ ይቀመጣል። የቀመሰና የተቀመጠ የለመነውን ትቷል ማለት ነው። እኔ ያን ሰዓት ማንም የማያውቀኝ በያጅ ነበርኩ፤ ሻዩን ብጠጣ የሚከሰኝ የለም። ጥርሴ እንደ ስፌት መኪና ይንቀጫቀጭ ነበር። የዳቦው ሽታ እስከ ጉልበቴ ወረደ። ግን ልጁ ያን በር ሁለት ጊዜ ሲቀባ ፊቴ ላይ መጣ። ማንም ባያውቅ እኔ አውቃለሁ፤ በሆዴ ምክንያት አንድ ጊዜ ከመለስኩት በሆዴ ምክንያት ሁለተኛ አልመልሰውም።

«እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ ጥርሴን ያመኛል» አልኩ።

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

«ሞተር ላይ ተቀምጬ ነው የዋልኩት፤ ልቁም።»

እመቤቲቱ ባላቸውን አዩ። ዳኛው እኔን አዩ። ሻዩ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ብቻውን ሲጤስ ቆየ። በሕይወቴ እንደዚያ ሻይ የጠላሁት ነገር የለም።

በሩን ጨረስኩ። በአንድ ጣት ገፋሁት፤ ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ። ወደ መንገዱ አየሁ፤ የሐጂ መኪና የለችም። ቤት ውስጥ ያለው ሬዲዮ ስድስት ሰዓት መሆኑን ተናገረ። ዳኛው ሰዓታቸውን አይተው ጃንጥላቸውን አስተካከሉ።

«ሰዓቱ ሞላ» አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ያዘኑ መሰለኝ፤ ልጃቸው ያለችው እውነት እንዲሆን እሳቸውም ይፈልጉ ኖሯል። ሊገቡ ዞር ሲሉ የሐጂን ትእዛዝ ረሳሁት።

«ጋሼ» አልኩ። «እኔ በያጅ አይደለሁም።»

በሩን አዩት።

«ማለቴ፣ በያጅ ነኝ። የእርስዎ በያጅ አይደለሁም ለማለት ነው። ሽማግሌ ነኝ። የሰከረው እኔ ነኝ። አልሰከርኩም ግን፤ ዘመዴ ያልኩዎት እኔው ነኝ።»

ዳገቱን ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ። የፍትሕ ወንበር የለ፣ ደጅ መጥናት የለ። ሄልሜቴን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ተከሳሽ ቆምኩ።

«ሌሎቹ መንገድ ተዘግቶባቸዋል። አንድ ሽማግሌ ሽማግሌ እንደማይባል አውቃለሁ። ልጁ እኔ ዘንድ ስምንት ዓመት ቀለም ቀብቷል። ዝምተኛ ነው፤ የጀመረውን አይተውም። አባት የለውም፣ እውነት ነው። ማን በሩን ያንኳኳል ብለዋል፤ እኔ አንኳኳለሁ። ቤቴ ከእሱ ቤት ብዙ አይርቅም። ቢርቅም በሞተር እመጣለሁ።»

አፍንጫዬን በቱታዬ እጅጌ ጠረግሁ።

ዳኛው መዝገብ እንደሚያነብ ሰው ጀመሩ።

«ስትመጣ በያጁ መስለኸኝ ነበር፤ ግን አንደኛ፣ የሞተርህ ሰሌዳ የአዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ፣ የኛ በያጅ በቀጠረው ቀን መጥቶ አያውቅም። ይህን ያህሉ ለጥርጣሬ ይበቃል። ሦስተኛ ግን፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ሻይ እምቢ፣ አልቀመጥም የሚል ሠራተኛ በሰባ ዓመቴ አላየሁም። ያኔ አወቅሁህ።»

«ታዲያ ሰክሮ ነበር ያሉኝ…»

«እሱን ያልኩት ሳላውቅህ ነው» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ዛሬም ሳይህ ጤነኛ አትመስልም» አሉኝ።

ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እመቤቲቱ በረንዳው ላይ ቆመው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል። ዳኛው ሄደው ሻዩን ከበርጩማው ላይ አነሡ። በርጩማውን በእጃቸው ጠረጉና አጠገቤ አምጥተው አስቀመጡት።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቃልዎን ሳልሰማ አልቀመጥም።»

«ቃሌ እሱ ነው» አሉ። «ተቀመጥ።»

ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ጉልበቴ ራሱ ተረድቶ ተቀመጠ። አለቀስኩ፤ ደግነቱ ፊቴ ቀድሞውንም እርጥብ ነበር።

ሐጂና ሊቀ መንበሩ የደረሱት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በተከፈተው በር እስከ በረንዳው ድረስ ነድተው ገቡ። እኔ የዳኛውን ጋቢ ለብሼ፣ የዳኛውን ካልሲ አጥልቄ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሦስተኛ ዳቦዬን እበላ ነበር። ሐጂ ከመኪናው ሲወርዱ አዩኝ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ተቀምጠሃል» አሉ በሹክሹክታ። «እየበላህም ነው።»

«አዎ ሐጂ።»

«አበላሸኸው» አሉ። ወደ ዳኛው ዞረው፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ይዘውት የመጡትን ያንን የተባረከ ንግግር ይቅርታ ጨምረውበት ጀመሩ። ዳኛው አላቋረጧቸውም። እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ሊቀ መንበሩም ተጨማሪ አስተያየት እስኪሰጡ ጠበቁ። ከዚያ፣ «ጉዳዩ በስድስት ሰዓት ውሳኔ አግኝቷል። ይግባኝ ከሌላችሁ ግቡና ምሳ ብሉ» አሉ። ሐጂ ነገሩ ሲገባቸው መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ፤ ከዚያ ጭቃው ጢማቸው ላይ እንደቀረ ነገርኳቸው።

በሐጂ ስልክ ኮልፌ ደወልኩ። ልጁ በአንድ ጥሪ አነሣው።

«ተቀመጥኩ» አልኩት።

ከዚህ በላይ አላልኩትም፤ ወጉን ያውቀዋል። የብሩሽ እጀታ ቆርቆሮ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ዝናቡ አላባራም አይደል ጋሼ?» አለ።

«አላባራም።»

«ሲመለሱ ቀስ ብለው ይንዱ። ሠርጉ ላይ በአባት ቦታ የሚቆምልኝ ሌላ ሰው የለኝም።»

«አርባ ሁለት ዓመቴ እኮ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ።